በሁለት ጉድጓድ መካከል ያለው መሬት፦ የሰሜን ሸዋ መንገድና የከርሰ ምድር ጥናት

መንገድ ሲበላሽ የሚወራው ወሬ አንድ ነው። «ኮንትራክተሩ በላው።» «አስፋልቱን አሳስተውት ነው።» አንዳንዴ ወሬው እውነት ይሆናል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግን መንገድ ሲሰነጠቅ፣ ሲሰምጥ ወይም ወደ ገደል ሲንሸራተት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከስሩ ያለው መሬት ነው። አስፋልቱ ውፍረቱ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው። ከስሩ የተደለደለው ጠጠርና ገረጋንቲ ቢደመርም አንድ ሜትር ላይሞላ ይችላል። ችግሩ የሚነሳው ደግሞ ከሁለት ሜትር፣ ከአምስት ሜትር፣ አንዳንዴም ከሃያ ሜትር ጥልቀት ነው።

ያንን ጥልቀት ሳይቆፍሩ መመርመር ይቻላል። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይላካል፣ ወይም መሬቱ በመዶሻ ተመትቶ ንዝረቱ ይለካል። ሙያው ጂኦፊዚክስ ይባላል። አገራችን ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ቦታ ለመምረጥና ማዕድን ለመፈለግ ሲሠራበት ኖሯል። ወደ መንገድ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው መሬቱ ከተንሸራተተ ወይም አስፋልቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ጥናቱ መቅደም አለበት፤ የመንገዱ መስመር ሳይቆረጥ፣ ዲዛይኑም ሳይጸድቅ። ለሰሜን ሸዋ ደግሞ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ያስፈልጋል። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከደጋው እስከ ቆላው

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው የዚህን አገር መሬት በግማሽ ቀን ያየዋል። ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ዙሪያዋ ሜዳ ነው። ቀጥሎ ጣርማበር ይመጣል፣ ከ3000 ሜትር በላይ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ ሲያልቅ መንገዱ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይጠመዘዛል። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ሙቀቱ ይቀበላል። ከጣርማበር እስከ ሮቢት ከ1700 ሜትር በላይ ተወርዷል ማለት ነው። ይህ ቁልቁለት የስምጥ ሸለቆው ዳር ነው። መሬቱ በስንጥቅ እየተቆረጠ ደረጃ በደረጃ ወርዷል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋም።

ደጋው የተሠራው ከእሳተ ገሞራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የቀለጠ ድንጋይ ደጋግሞ ፈስሷል። ጂኦሎጂስቶች ከፍሰቶቹ ለአንዱ ስያሜ የሰጡት በጣርማበር ስም ነው። ፍሰቱ ግን ተከታታይ አልነበረም። በአንዱና በሌላው ፍሰት መካከል ረጅም የእረፍት ጊዜ ነበር። በዚያ ጊዜ የላይኛው ድንጋይ ተበላ፣ አፈር ሆነ፣ አመድ ወረደበት። ከዚያ አዲሱ ፍሰት መጥቶ ሸፈነው። ዛሬ ተራራ ተቆርጦ መንገድ በወጣበት ቦታ ልብ ብሎ ያየ ሰው በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል ቀይ መስመር ያገኛል። ያ የተቀበረው አፈር ነው። መሬቱ አነባበሮ ነው ማለት ይቻላል። ላይና ታቹ ጠንካራ፣ መሃሉ ለስላሳ። ክረምት ሲገባ ውሃ በላይኛው ድንጋይ ስንጥቅ ይወርድና ቀዩ አፈር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ምንጮች ብዙ ጊዜ በገደሉ ወገብ ላይ የሚፈልቁትም በዚህ የተነሳ ነው። መንገድ የሚሰምጠውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው።

ወደ ምዕራብ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። የጀማ ወንዝና ገባሮቹ ደጋውን እየሰነጠቁ ወርደዋል። መርሐቤቴ ለመግባት ሸለቆውን መውረድና መውጣት የግድ ነው። እዚያ ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይገኛል። ጂፕሰም ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ላዩ ደህና መስሎ ስሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሜዳው ላይ ደግሞ ዋልካ አለ። ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ፣ ደነባ፣ ጥቁር አፈር ነው። የእነዋሪ ገበሬ ይህን አፈር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ውሃው እንዲጠነፍፍለት መደቡን ከፍ፣ ቦዩን ዝቅ አድርጎ በእጁ ሲያበጅ ኖሯል። ቤተሰብ በሙሉ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጅ እያፈሰ መደብ ሲሠራ ማየት እዚያ የተለመደ ነው። ስንዴውና ጤፉ የሚያምረው በዚሁ ጥንቃቄ ነው። መንገድ ሠሪውም ከዚህ አፈር ጋር ሲገናኝ ተመሳሳይ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ስንጥቁ ከአንድ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። አስፋልት ሲለብስ መሃሉ ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ዳር ያለው ግን በየዓመቱ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ሰሜን ሸዋ ብዙ ቦታ በልግም ክረምትም ስላለው ይህ እብጠትና ኩምትርታ ሊደጋገም ይችላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ስንጥቅ ከመንገዱ ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ቁመቱን ተከትሎ የሚሄደው። የትም ብትሄዱ ይህን ዓይነት ስንጥቅ ካያችሁ ከስሩ ዋልካ መኖሩን ጠርጥሩ።

እግረ መንገዴን ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ነው፣ ማንም ቁረጡት ሊል አይችልም። ነገር ግን ዋልካ ላይ፣ ከአስፋልቱ ጥግ በረድፍ ሲተከል ሥሩ ከመንገዱ ስር ውሃውን ይመጥጣል። አፈሩ በዚያ በኩል ብቻ ይኮማተራል፣ መንገዱም ወደዚያው ያዘነብላል። ተከላው ቢያንስ ዛፉ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከመንገዱ ቢርቅ ጥሩ ነው።

ጉድጓዱ የሚነግረንና የማይነግረን

የተለመደው ጥናት እንዲህ ነው። በመንገዱ መስመር ላይ እየተራመዱ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር። ናሙና በጆንያ ይወሰዳል። ላብራቶሪ ውስጥ አፈሩ ምን ያህል እንደሚያብጥ፣ ምን ያህል ውሃ ሲይዝ እንደሚላቆጥ ይታያል። ከዚያ አራት ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በብረት እየተጫነ ጥንካሬው ይለካል። ሲቢአር የሚባለው ይህ ነው። በአገራችን የመንገድ ዲዛይን ማኑዋል መሠረት ውጤቱ ከ3 በታች የሆነ አፈር የመጨረሻው ደካማ መደብ ውስጥ ይገባል። ዋልካ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚያርፈው።

ይህ ሥራ የግድ ነው፣ በምንም አይተካም። አፈሩን በእጅ ይዞ ማየትን የመሰለ ማስረጃ የለም። ችግሩ ጉድጓዱ የሚነግረን ስለ ራሱ ብቻ መሆኑ ነው። በኪሎ ሜትር ሁለት ጉድጓድ ተቆፈረ እንበል። እያንዳንዱ ወርዱ አንድ ሜትር ቢሆን ያየነው ሁለት ሜትር መንገድ ነው። 998 ሜትሩን ገምተን ነው የምንሠራው።

ግምቱ ስንት ያስከፍላል? ወርዱ አሥር ሜትር የሆነ መንገድ እንውሰድ። ዲዛይኑ ዋልካው አንድ ሜትር ተኩል ነው ብሎ ተነስቷል፤ ተቆፍሮ ይወጣና በገረጋንቲ ይተካል። በአንድ ኪሎ ሜትር 15000 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ማለት ነው። ሥራው ሲጀመር ዋልካው ሦስት ሜትር ሆኖ ተገኘ። ቁፋሮው 30000 ሜትር ኩብ ሆነ። የሚሞላውም ገረጋንቲ እጥፍ ሆነ። ገረጋንቲው ከሩቅ ካባ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የመኪናው ምልልስ ብቻ በጀቱን ያናጋዋል። ከዚያ ደብዳቤ ይጀመራል። ኮንትራክተሩ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፣ አማካሪው ይከራከራል፣ ማሽኑ ይቆማል፣ ክረምት ይገባል። ሕዝቡ «መንገዱ ተጓተተ» ሲል ብዙ ጊዜ ከጀርባው እንዲህ ያለ ታሪክ አለ።

አራት ካስማና አንድ ባትሪ

ጂኦፊዚክስ የሚገባው በእነዚያ 998 ሜትሮች ላይ ነው። ቀላሉ ዘዴ የኤሌክትሪክ ነው። አራት የብረት ካስማዎች በቀጥታ መስመር፣ እኩል ተራርቀው መሬት ላይ ይተከላሉ። በሁለቱ ውጨኞች ኤሌክትሪክ ይገባል። በሁለቱ መካከለኞች ቮልቴጁ ይለካል። መሬቱ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደተቋቋመው ከዚያ ይሰላል። ይህ መጠን ሬዚስቲቪቲ ይባላል፣ መለኪያው ኦም ሜትር ነው።

ጅሩ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚሆን እንየው። ካስማዎቹ በሁለት ሁለት ሜትር ተራርቀዋል። መሣሪያው 0.6 ኦም አነበበ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ ርቀቱ በንባቡ ተባዝቶ በ6.28 ይባዛል። 7.5 ኦም ሜትር ይመጣል። እርጥብ ጭቃ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ወደ ጉብታው ሄደን በዚያው ርቀት ብንለካና 12 ኦም ብናነብ 150 ኦም ሜትር ይሆናል። አለቱ ቀርቧል ማለት ነው። የሸክላ አፈር በአብዛኛው ከ20 በታች ይወርዳል። ያልተበላ ጥቁር ድንጋይ ከብዙ መቶዎች እስከ ሺዎች ይሄዳል። የተበላው ድንጋይ መሃል ቤት ነው።

ካስማዎቹ ሲራራቁ ኤሌክትሪኩ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል። ውጨኞቹ 200 ሜትር ቢራራቁ ከ40 እስከ 50 ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ መረጃ ይመጣል። ዛሬ ደግሞ በአንድ ረጅም ኬብል ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ካስማዎች ተያይዘው መሣሪያው ራሱ እየቀያየረ ይለካል። የሚወጣው ውጤት መንገዱን ተከትሎ የተቆረጠ የመሬት ምስል ነው። ዋልካው የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚሳሳ፣ ውሃ የት እንደቆመ በአንድ ወረቀት ይታያል። ለሜዳው ብቻ ከሆነ ከዚህም የሚፈጥን አለ። በእጅ ተይዞ እየተራመዱ የሚለኩበት የኤሌክትሮማግኔት መሣሪያ ካስማ አያስፈልገውም፣ እስከ አምስትና ስድስት ሜትር ጥልቀት ያለውን ይነግራል።

ሜዳ ላይ መሣሪያ የዘረጋ ቡድን መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ አለ። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ደርበው ቀረብ ይላሉ።

«ልጄ፣ ወርቅ ነው የምትፈልጉት?»

«አይደለም አባቴ፣ ለመንገዱ ነው። አፈሩ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ልናይ ነው።»

«እሱንማ እኔን አትጠይቁኝም? እዚያ ግራሯ ጋ ሁለት ክንድ ሳትወርድ ድንጋይ ታገኛለህ። እዚህ ታች ግን በክረምት በሬ ይሰምጥብሃል።»

ይህ ንግግር በሪፖርት ውስጥ ሊገባ ይገባዋል ባይ ነኝ። መለኪያው የት እንደሚዘረጋ ለመወሰን ከገበሬው የተሻለ መነሻ የለም። ገበሬው የማያውቀው በሬ የሚሰምጥበት ጭቃ ውፍረቱ ሁለት ሜትር ይሁን ስድስት፣ ከስሩም ምን እንዳለ ነው። መሣሪያው የሚጨምረው ይህን ነው።

ኤሌክትሪክ የራሱ ጣጣ አለው። በበጋ ዋልካው ሲሰነጠቅ ካስማው አፈሩን በደንብ አይነካም። ጨው የገባበት ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል። የሽቦ አጥርና የተቀበረ የብረት ቧንቧ ንባቡን ያዛባሉ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ ውሃ የጠጣ የተበላ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተመሳሳይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። 20 ኦም ሜትር ሲነበብ የትኛው ነው? ኤሌክትሪኩ ብቻውን አይመልስም።

መዶሻው

እዚህ ላይ ሁለተኛው ዘዴ ይገባል። ጂኦፎን የሚባሉ ትንንሽ የንዝረት መቀበያዎች መሬት ላይ ይሰካሉ። 24 ጂኦፎን በየአምስት ሜትሩ ቢሰካ መስመሩ 115 ሜትር ይሆናል። ጫፉ ላይ የብረት ሰሌዳ ይቀመጥና በትልቅ መዶሻ ይመታል። ንዝረቱ እያንዳንዱ ጂኦፎን ጋ የደረሰበት ጊዜ በሺህኛ ሰከንድ ይመዘገባል።

ንዝረት በልል አፈር ውስጥ ቀርፋፋ ነው፤ በሰከንድ ከ200 እስከ 600 ሜትር ያህል። ያልተበላ ባሳልት፣ ማለትም ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ከ4000 ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ በሰከንድ 400 ሜትር በሚያስኬድ አፈር ውስጥ አሥር ሜትር ለመሄድ 25 ሺህኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። በባሳልቱ ውስጥ ያንኑ ርቀት በ2.5 ሺህኛ ሰከንድ ይጨርሳል። ቅርብ ያሉት ጂኦፎኖች በአፈሩ የመጣውን ይቀበላሉ። ሩቅ ያሉት ጋ ግን ወደ አለቱ ወርዶ፣ በአለቱ ተጉዞ፣ ተመልሶ የወጣው ንዝረት ይቀድማል። ያ መቅደም የት እንደጀመረ ሲታወቅ አለቱ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ይሰላል። ጥልቀቱ በግምት ከመስመሩ ርዝመት አራተኛው ወይም አምስተኛው ድረስ ነው።

ይህ ቁጥር ለቆራጩ ዶዘርም ይጠቅማል። በሰከንድ እስከ 2000 ሜትር ገደማ ያለው ድንጋይ በከባድ ዶዘር ጥርስ ሊነቀል ይችላል። 3000ን ካለፈ ብዙ ጊዜ ፈንጂ ያስፈልጋል። ፈንጂ ደግሞ ፈቃድ፣ ጥበቃና ጊዜ ይጠይቃል። በውል ላይ የአፈር ቁፋሮና የድንጋይ ቁፋሮ ዋጋቸው የተለያየ ነው። ከመጀመሪያው ከተለካ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ይቀራል።

መሣሪያው ቀላል መሆኑ ለዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። የመቆፈሪያ ማሽን መዳረሻ መንገድ ይፈልጋል፣ ውሃ የሚያመላልስ መኪና ይፈልጋል። መንዝ ገደል ላይ፣ መንገድ ገና ባልገባበት ቦታ፣ ማሽኑን ለማድረስ ብቻ መንገድ መቁረጥ ይጠይቅ ይሆናል። ጂኦፎን፣ ኬብልና መዶሻ ግን በበቅሎ ተጭነው ይደርሳሉ። ችግሩ ነፋስ ነው። የደጋው ነፋስ ሣሩን ሲያወዛውዝ ጂኦፎኑ ይሰማዋል። ከባድ መኪና ሲያልፍም እንዲሁ። ስለዚህ የሚሻለው ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ነፋሱ ሳይበረታ መሥራት ነው።

ምስሉ የሚያሳስትበት ቦታ

አሁን ወደ አነባበሮው እንመለስ፤ ብዙ ሪፖርት የሚወድቀው እዚህ ነው። የመዶሻው ንዝረት ተመልሶ እንዲወጣ ከታች ያለው ድንጋይ ከላይ ካለው የፈጠነ መሆን አለበት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግን ከጠንካራው ባሳልት በታች ቀዩ ለስላሳ አፈር ሊኖር ይችላል። ንዝረቱ ወደዚያ ሲገባ ወደ ታች ይታጠፋል እንጂ አይመለስም። መሣሪያው አያየውም። ሪፖርቱ «ከሦስት ሜትር ጀምሮ ጠንካራ አለት» ብሎ ይደመድማል። ዘጠኝ ሜትር ላይ ሸክላ ተኝቷል። እዚያ ላይ የድልድይ እግር ቢቆም ወይም ተራራው ቢቆረጥ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ኤሌክትሪኩ ይህን ሊያየው ይችላል፤ ከላይ ብዙ መቶ ኦም ሜትር፣ ከታች 15። ነገር ግን እሱም ገደብ አለው። ሃያ ሜትር ላይ ያለ የአንድ ሜትር ውፍረት ሸክላ ከላይ ሆኖ መለየት በጣም ያስቸግራል። እዚያ መቆፈር የግድ ነው። የኤሌክትሪኩ ጥቅም መቆፈሪያውን የት እንደምናስቀምጥ መጠቆሙ ነው።

ሌላው ወጥመድ ውሃ ነው። ንዝረት በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ የሞላው ልል ጭቃ በዚህ መለኪያ የተበላ ድንጋይ ይመስላል። ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ወንዞች ደለል ባከማቹበት ሜዳ ይህ ስህተት በቀላሉ ሊፈጠር ይችላል። መፍትሔው በመሬቱ ገጽ ላይ የሚሄደውን ዘገምተኛ ሞገድ ተንትኖ ጎን ለጎን የሚወዛወዘውን ንዝረት ፍጥነት ማግኘት ነው። ይህ ንዝረት ውሃ ውስጥ አያልፍም፣ ስለዚህ በውሃ አይታለልም። ልሉ ጭቃ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜትር ያህል ብቻ ይሰጣል፣ ድክመቱም ይገለጣል። ደስ የሚለው ደግሞ ለመዶሻው ሥራ ረብሻ የነበረው የመኪና ንዝረት ለዚህ ዘዴ ምንጭ ሆኖ ማገልገሉ ነው።

ስለ መሬት ሰርሳሪ ራዳርም ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚወደው። በአሸዋና በደረቅ አለት ላይ ጎበዝ ነው። የአስፋልት ውፍረት ለመለካትም ጥሩ ነው። ዋልካ ላይ ግን ሞገዱ ወዲያው ይዋጣል፤ እርጥብ ከሆነ አንድ ሜትር እንኳን አይወርድም። ጅሩ ሜዳ ላይ የዋልካን ውፍረት በራዳር ለካሁ የሚል ሪፖርት ከመጣ ገንዘቡ ባክኗል።

ለማጠቃለያ ተብሎ በቀለም ያሸበረቀ ምስል ብቻ የሚቀርብበት ልማድም አለ። ቀዩና ሰማያዊው ያምራል። አንድም ጉድጓድ ያላረጋገጠው ምስል ግን ግምት ነው። ከተመሳሳይ ልኬት ሁለት የተለያዩ የመሬት አቀማመጦች ሊሰሉ ይችላሉ። ጥሩ ሪፖርት የሚታወቀው ምስሉ ላይ ጉድጓዶቹ ተስለው፣ የሁለቱ ንባብ የት እንደተስማማና የት እንዳልተስማማ ሲጻፍ ነው።

ደብረ ሲና የሆነው

በ1998 ዓ.ም. መግቢያ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን በሚባለው አካባቢ መሬቱ ተንሸራተተ። ሺዎች ተፈናቀሉ። ቤትና እርሻ አብሮ ሄደ። ቦታው ላይ የሚያንሸራትት ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፦ ገደላማ ተዳፋት፣ ከላይ እየተንከባለለ የተከማቸ ድንጋይና አፈር፣ የተበላ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ምንጭና ዝናብ። ከስሩ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች አሉ።

እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ ቁፋሮ ብቻውን ያታልላል። የተከማቸው ናዳ ውስጥ ቤት የሚያህሉ ድንጋዮች አሉ። መቆፈሪያው አንዱን ሲያገኝ «አለት ላይ ደረስን» ይባላል። ድንጋዩ ግን ራሱ ተንሸራታች ነው። በመስመር የሚሄድ የኤሌክትሪክ ልኬት ግን የድንጋዩን ጫፍ ያሳያል። ከሁሉ በላይ እርጥቡን ንብርብር ያሳያል፣ መንሸራተቻው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና።

የእኛ የተለመደ መልስ ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላበት የሽቦ ሣጥን መደርደር ነው። ጋቢዮኑ ከመንሸራተቻው ንብርብር በላይ ከቆመ ከመሬቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሽቦው አብጦ፣ ድንጋዩ ተዘርግፎ በየክረምቱ ሲጠገን አይተናል። መንሸራተቻው አሥራ አምስት ሜትር ላይ መሆኑ ቢታወቅ ሐሳቡ ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ ውሃው ከላይ ተጠልፎ ይወሰዳል። ካልሆነም መስመሩ ከነጭራሹ ይዛወራል። መስመር ማዛወር ወረቀት ላይ እያለ ርካሽ ነው።

ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለው የአባይ በረሃ መንገድም ተመሳሳይ ፈተና አለበት። እዚያ የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት የሆነው ጃይካና የአገራችን የጂኦሎጂ ተቋም የመሬት መንሸራተቱን አብረው አጥንተዋል። መሬቱ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በመሣሪያ መከታተል እንደሚቻል ከዚያ ልምድ ተገኝቷል። የሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ተዳፋትም ያንን ዓይነት ክትትል ይገባዋል።

የመሬት መንቀጥቀጡንም መርሳት የለብንም። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል፤ ወደ አስመራ የሚሄደውንም አውራ ጎዳና በስንጥቅና በናዳ ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌና ዶፈን የመጣው ንዝረት ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ልል ደለል ንዝረቱን ያጎላዋል፣ አለት ያን ያህል አያጎላውም። ለድልድይ ዲዛይን የላይኛው 30 ሜትር የንዝረት ፍጥነት የሚፈለገው ለዚህ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የገጽ ሞገድ ልኬት ይህንንም አብሮ ይሰጣል፤ ተጨማሪ የመስክ ሥራ አያስፈልግም።

ምን ይቀየር?

መሣሪያውም ባለሙያውም አገር ውስጥ አሉ። የጂኦሎጂ ኢንስቲትዩቱ አለ፣ በየዩኒቨርሲቲው የሠለጠኑ ልጆች አሉ። ያልተስተካከለው ሥራው የሚገባበት ጊዜ ነው። አማካሪው ሲቀጠር በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ «አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ጂኦፊዚክስ ይደረጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል። አስፈላጊ ሆኖ የሚገኘው ደግሞ ችግር ሲመጣ ነው። በምትኩ ዝርዝሩ ቦታ ቢጠራ ይሻላል፦ ዋልካ ባለበት ሜዳ ሁሉ ተከታታይ የኤሌክትሪክ ልኬት፣ ከአሥር ሜትር በላይ በሚቆረጥ ተራራና በእያንዳንዱ ትልቅ ድልድይ ላይ መዶሻውም ኤሌክትሪኩም አንድ ላይ። ጉድጓዶቹ ከልኬቱ በኋላ ይቆፈሩ። ያኔ በየ500 ሜትሩ በጭፍን መቆፈር ይቀርና ምስሉ በተለወጠበትና ባጠራጠረበት ቦታ ይቆፈራል። የጉድጓዱ ቁጥር ላይጨምር ይችላል። የሚያወጣው መረጃ ግን እጥፍ ድርብ ነው።

ወቅቱም ይታሰብበት። ዋልካ በግንቦትና በመስከረም አንድ አይደለም። የመስክ ሥራ ለመኪና ስለሚመች ሁሌ በበጋ ይሠራል፤ ስለዚህ የምናውቀው የደረቀውን መሬት ነው። አስቸጋሪ በሆኑት ክፍሎች ላይ አንዱ ልኬት ክረምት እንደወጣ ቢደገም ውሃው የት እንደሚተኛ ይታወቃል። ካስማው የተተከለበት ነጥብ ስለተመዘገበ መድገሙ ብዙ ቀን አይፈጅም።

የመጨረሻው ነገር መዝገብ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ የልኬቱ ጥሬ ቁጥር ከአማካሪው ኮምፒውተር ጋር አብሮ ይጠፋል። የሚቀረው የታተመው ምስል ብቻ ነው፣ እሱም ካልተጣለ። ከአሥር ዓመት በኋላ መንገዱ ሲሰፋ ያው መሬት እንደ አዲስ ይለካል፣ እንደ አዲስ ይከፈላል። የክፍያው የመጨረሻ ክፍል የሚለቀቀው ጥሬ ቁጥሩ፣ የነጥቦቹ አድራሻና የጉድጓዶቹ መዝገብ ለጂኦሎጂ ኢንስቲትዩቱና ለመንገዱ ባለቤት መሥሪያ ቤት ሲገባ ብቻ ይሁን። እያንዳንዱ ወረዳም የራሱ ቅጂ ይኑረው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም የውሃ ጉድጓድ ሊሠራ ሲነሳ ያው መረጃ ያገለግለዋል።